ውኃ የማያስገባ የጀርባ ቦርሳ በምን ይመረጣል?

ባሕር ዳር፦ ጀልባ ሰውን ይጭናል እንጂ ሰው ጀልባን አይሸከምም የሚል ቢኖር አይፈረድበትም። ኾኖም ጀልባውን እንደ ብርድ ልብስ አጣጥፎ፣ በጀርባው አዝሎ ተራራ የሚወጣና የሚወርድ መንገደኛ አለ። ወንዝ ወይም ሐይቅ ዳር ሲደርስ ጀልባውን በአየር ይነፋዋል፤ ጓዙን ከፊቱ አስሮ እየቀዘፈ ይሄዳል፤ ውኃው ሲያበቃ አየሩን አስወጥቶ እንደገና ያዝለዋል። ይኽ የጉዞ ስልት ፓክራፍቲንግ፣ ጀልባውም ፓክራፍት ይባላል። በየብስም በውኃም ከመንገደኛው ጋር የሚዘልቀውና ሁሉንም ነገር የያዘው ግን የጀርባ ቦርሳው ነው።

ቦርሳው ውኃ ባስገባ ዕለት ጉዳቱ ቀላል አይደለም። የሌሊቱ ልብስ፣ የመኝታ ከረጢቱ፣ ክብሪቱ፣ ስንቁ፣ ስልኩና ካርታው ያሉት በዚያ ውስጥ ነው። ውኃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር በብዙ እጥፍ ፍጥነት ይወስዳል። ከቀዝቃዛ ወንዝ ወጥቶ የሚለብሰው ደረቅ ልብስ ያጣ ሰው፣ በተለይም ሰው በማይገኝበት ደጋ ላይ ከመሸበት፣ ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ በዚህ ጉዞ ቦርሳ መምረጥ የውበት ወይም የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ነገሩ የሩቅ አገር ጀብደኞችን ብቻ የሚመለከት ከመሰለም ስሕተት ነው። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው የፎገራን ሜዳ ሲያጥለቀልቁ፣ ደብተሩን አዝሎ ጅረት የሚሻገረው ተማሪ፣ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩን ይዞ ወደ ወረዳ ከተማ የሚወርደው አርሶ አደር፣ መድኃኒት ይዞ ከቀበሌ ቀበሌ የሚዞረው የእንስሳት ጤና ባለሙያ፣ በጣና ላይ በታንኳ የሚመላለሰው ነጋዴ የሚገጥማቸው ጥያቄ ያው ነው፤ ጓዝን ከውኃ እንዴት ማዳን ይቻላል? በፓክራፍት ተጓዦች ዘንድ በብዙ መንገላታት የተገኘው ልምድ ለእነዚህም ይጠቅማል።

ሐሳቡ ራሱ አዲስ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1840ዎቹ ፒተር ሃልኬት የተባለ እንግሊዛዊ የባሕር ኃይል መኮንን ጎማ ከተቀባ ጨርቅ የሚነፋ ጀልባ ሠርቶ ነበር፤ ጀልባው አየሩ ሲወጣ እንደ ካባ የሚለበስ ነበር። የአርክቲክ አሳሹ ጆን ሬይም የሃልኬትን ጀልባ ይዞ ተጉዟል። በ1982 በአላስካ በተካሄደ የረጅም ርቀት የምድረ በዳ ውድድር ዲክ ግሪፊዝ የተባለ ተወዳዳሪ ከቦርሳው የሚነፋ ጀልባ አውጥቶ ወንዙን መሻገሩ ለዘመኑ ፓክራፍቲንግ መስፋፋት ምክንያት ከኾኑት ክስተቶች አንዱ ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ሼሪ ቲንጌ የተባለች የአላስካ ነዋሪ ለዚሁ ጉዞ ብቻ የተዘጋጁ ጠንካራና ቀላል ጀልባዎችን መሥራት ጀመረች።

የዓባይ ሸለቆ ሰውም ለዚህ ጥበብ እንግዳ አልነበረም። ድልድይ ባልነበረበት ዘመን መንገደኛ ጓዙን በበሬ ቆዳ ጠቅልሎ፣ አፉን በጠፍር አጥብቆ አስሮ፣ በዋናተኞች እያስገፋ ወንዙን ያሻግረው ነበር። ቆዳው ቦርሳም ጀልባም ነበር። ቆዳው የሚያስተማምነው አፉ የታሰረበትን ያህል ብቻ ነበር፤ ዛሬ በፋብሪካ የሚሠራው ቦርሳም ከዚህ ሕግ አላመለጠም።

ጽሑፉና እውነቱ

በገበያ ላይ ያሉ ብዙ ቦርሳዎች ውኃ እንደማያስገቡ የሚገልጽ ጽሑፍ ተለጥፎባቸዋል። ጽሑፉ በጣም የተለያዩ ሦስት ነገሮችን ሊያመለክት ይችላል። አንዳንዱ ቦርሳ ካፊያን ለጥቂት ደቂቃ ይመልሳል፤ ከዚያ በኋላ ጨርቁ ይርሳል። ሌላው ጨርቁ ውኃን ጨርሶ የማያሳልፍ ቢኾንም ስፌቱና ዚፑ ያስገባሉ። ሦስተኛው፣ ቁጥሩ ትንሽ የኾነው፣ ወንዝ ውስጥ ቢወድቅ እንኳ የያዘውን ለጊዜው አድርቆ ያቆያል። ለፓክራፍት ጉዞ የሚፈለገው ሦስተኛው ነው፤ ገዢው ግን ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ሁለተኛውን ነው።

ጨርቁን በተመለከተ አምራቾች የሚጠቀሙበት አንድ መለኪያ አለ። በጨርቁ ላይ የውኃ ዓምድ ይቆምና ማሳለፍ የሚጀምርበት ቁመት በሚሊ ሜትር ይነገራል። 1 ሺህ 500 ሚሊ ሜትር የኾነ ጨርቅ ዝናብን ይከላከላል ተብሎ ይታሰባል። ቦርሳ ግን በመሬት ላይ ይቀመጥበታል፤ በትከሻ ይጨመቃል፤ ጀልባ ውስጥ በታቆረ ውኃ ላይ ይተኛል። በእነዚህ ጊዜያት በጨርቁ ላይ የሚያርፈው ግፊት ከዝናብ ጠብታ እጅግ የበለጠ ስለኾነ ለዚህ ሥራ ከዚያ በብዙ የሚልቅ ቁጥር ያስፈልጋል።

ቁጥሩ ምንም ያህል ትልቅ ቢኾን ግን የሚናገረው ስለ ጨርቁ ብቻ ነው። ስፌት ማለት በመርፌ የተበሳ መስመር ማለት ነው። አንድ ትልቅ ቦርሳ በጎኑ፣ በመቀመጫውና ማንገቻዎቹ በተያያዙበት ቦታ ሁሉ ብዙ ሺህ ቀዳዳ ሊኖረው ይችላል። ይህንን ለመድፈን ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ከውስጥ በኩል በስፌቱ ላይ ቀጭን ማሸጊያ መለጠፍ ነው፤ ይኽ በጥሩ ሁኔታ ከተሠራ ይረዳል፤ ቦርሳው ሲያረጅ ግን ማሸጊያው እየተላጠ ይመጣል። ሁለተኛው ከነጭራሹ አለመስፋት ነው። ሁለቱ የጨርቅ ጠርዞች በሙቀት ቀልጠው እንዲዋሐዱ ይደረጋል፤ መርፌ የገባበት ቦታ አይኖርም። ገዢው ቦርሳውን ገልብጦ ውስጡን በማየት ብቻ ይህንን መለየት ይችላል፤ ክር ከታየ ተሰፍቷል ማለት ነው።

ማንገቻው ከቦርሳው ጋር የተገናኘበት ቦታ ለብቻው መታየት አለበት። ሸክሙ ሁሉ የሚንጠለጠለው በዚያ ነው፤ ውኃም መጀመሪያ የሚገባው ብዙውን ጊዜ በዚያው ነው። በደንብ የታሰበበት ቦርሳ ማንገቻው የሚሰፋው በሌላ ቁራጭ ጨርቅ ላይ ኾኖ፣ ቁራጩ ከዋናው አካል ጋር በሙቀት ይያያዛል። በርካሽ ዋጋ በሚሸጡት ላይ ማንገቻው ዋናውን ጨርቅ በስቶ ይሰፋል።

የአፉ ነገር

ዚፕ ለከተማ ምቹ ነው፤ ለወንዝ ግን አይታመንም። ውኃና አየር የማያሳልፉ ልዩ ዚፖች መኖራቸው እውነት ነው፤ አንዳንድ ፓክራፍቶች ጓዝ በአየር በሚሞላው ቧንቧቸው ውስጥ እንዲገባ የሚያስችል እንዲህ ያለ ዚፕ አላቸው። ዋጋቸው ውድ ነው፤ አሸዋና ጭቃ ይጎዳቸዋል፤ በየጊዜው መጽዳትና መቀባት ይፈልጋሉ። ተራ ዚፕ ያለው ቦርሳ፣ ዚፑ በጨርቅ ቢሸፈን እንኳ፣ ለካፊያ እንጂ ለመጥለቅ አይኾንም።

ስለዚህ የውኃ ተጓዦች የሚመርጡት አፉ ተጠቅልሎ የሚዘጋውን ነው። ጓዙ ከገባ በኋላ አየሩ በጉልበት ተጭኖ ይወጣል፤ ሁለቱ ከንፈሮች ይገጠማሉ፤ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ይጠቀለላሉ፤ ጫፎቹም በዘለበት ይያዛሉ። ለአርሶ አደሩ ይህንን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እህል ከነቀዝ ለመጠበቅ የሚያገለግለውን ባለ ሦስት ንብርብር የፒክስ ከረጢት የሚያውቅ ሰው ነገሩን አስቀድሞ ያውቀዋል። የፒክስ ከረጢት ከውጭ በኩል የተሸመነ ማዳበሪያ፣ ከውስጥ ሁለት ወፍራም ላስቲኮች አሉት። እያንዳንዱ ላስቲክ አየሩ ወጥቶ፣ አንገቱ ተጠምዝዞ፣ ወደ ኋላ ታጥፎ ለየብቻው ይታሰራል። አንዱ ላስቲክ ብቻ ቢታሰር ወይም እህሉ እስከ አፉ ድረስ ቢሞላ ለመጠምዘዝ ቦታ ስለማይኖር አየር ይገባና ነቀዙ ይተርፋል። አየርን የሚከለክል አዘጋግ ውኃንም ይከለክላል።

በቦርሳም ላይ በብዛት የሚፈጸመው ስሕተት ይኸው እስከ አፍ ድረስ መሙላት ነው። 60 ሊትር የሚል ቦርሳ 60 ሊትር ከተሞላ አንድ ጊዜ ብቻ ይታጠፋል፤ አንድ ጊዜ የታጠፈ አፍ ደግሞ ክፍት እንደኾነ ይቆጠራል። ከመጠኑ አንድ አምስተኛው ለመጠቅለያ ተትቶ መገዛት ይኖርበታል። ለሁለትና ለሦስት ቀን ጉዞ ከ50 እስከ 60 ሊትር፣ ከዚያ ለሚረዝም ከ70 እስከ 80 ሊትር የሚመረጠውም በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

ጥንካሬና ቅለት

የጨርቅ ጥንካሬ ሲነገር ዴኒየር የሚል ቃል ይሰማል። ዴኒየር 9 ሺህ ሜትር ርዝመት ያለው ክር በግራም ሲመዘን የሚገኘው ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል ክሩ ይወፍራል፤ ጨርቁም ይከብዳል። 210 ዴኒየር ናይለን ቀላል ነው፤ 420 ለአብዛኛው የእግር ጉዞ ይበቃል፤ 840 ደግሞ ድንጋይና እሾህ የሚበዛበትን መንገድ ይችላል። ብልሃተኛ ሠሪ ቦርሳውን በሙሉ ከአንድ ዓይነት ጨርቅ አይሠራውም፤ መቀመጫውንና የታችኛውን ጎን ከወፍራሙ፣ ላይኛውን ከቀላሉ ያደርገዋል። ቦርሳ የሚያልቀው ከታች ነውና።

ውኃውን የሚከለክለው ልባስም ዓይነት አለው። ፒቪሲ የተባለው ርካሽና ለመቧጨር የማይበገር ነው፤ ነገር ግን ከባድ ነው፤ በብርድ ይደርቃል፤ ሲያረጅ በታጠፈበት ይሰነጠቃል። ቲፒዩ የተባለው ቀለል ያለ፣ በብርድም የሚታጠፍና በሙቀት በጥሩ ሁኔታ የሚያያዝ በመኾኑ ጀልባዎቹ ራሳቸው የሚሠሩት አብዛኛውን ጊዜ ከእርሱ ነው። በንብርብር የሚሠሩና እጅግ ቀላል የኾኑ አዳዲስ ጨርቆችም አሉ፤ ክብደታቸው ያስደንቃል፤ ዋጋቸውም እንዲሁ።

ቅለት ምን ያህል ዋጋ አለው? አንድ የፓክራፍት ተጓዥ ከሁለት እስከ አራት ኪሎ ግራም የሚመዝን ጀልባ፣ አንድ ኪሎ ገደማ የሚመዝን ተገጣጣሚ መቅዘፊያ፣ የመንሳፈፊያ ሰደርያና ሄልሜት፣ ከዚያም ድንኳን፣ መኝታ፣ ልብስና ስንቅ ይዞ ሲነሳ ሸክሙ በቀላሉ 20 ኪሎ ይደርሳል። ቀላሉ ቦርሳ አንድ ኪሎ፣ ጠንካራው አንድ ኪሎ ከስድስት መቶ ግራም ቢመዝን ልዩነቱ ከጠቅላላው ሸክም ሦስት በመቶ ነው። ለዚያ ስድስት መቶ ግራም ብሎ ቀጭን ቦርሳ የያዘ ሰው በሁለተኛው ቀን እሾህ ቢቀድበትና ልብሱና መኝታው አንድ ሊትር ውኃ ቢጠጡ አንድ ኪሎ ጨምሮ ይሸከማል። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው፤ የጠጣው ጨርቅ ደግሞ አያሞቅም።

ክብደት መቀነስ ያለበት ከማያስፈልጉ ኪሶች፣ ከተደራረቡ ዘለበቶችና ከጌጥ ነው። ከወገብ ቀበቶው መቀነስ ግን ትርፉ ኪሳራ ነው። የ20 ኪሎ ሸክም በትከሻ ብቻ ከተንጠለጠለ ከሁለት ሰዓት በኋላ አንገትን ይሰብራል፤ ሸክሙን ወደ ወገብ የሚያወርደው ስፋት ያለው ቀበቶና በጀርባው በኩል የገባ ደጋፊ ዘንግ ነው። በአንዳንድ የውኃ ቦርሳዎች ላይ ጥሩ ማንገቻ አይገኝም፤ ለጀልባ እንጂ ለትከሻ ታስበው አልተሠሩምና። ከመግዛት በፊት 15 ኪሎ ጨምሮ አዝሎ መራመድ ከማንኛውም ጽሑፍ የበለጠ ይናገራል።

ውኃ የማያስገባ ውኃ አያስወጣም

ብዙዎች የማያስተውሉት ጉዳይ ይኽ ነው። ፍጹም የታሸገ ቦርሳ አንድ ጊዜ ቀዳዳ ካገኘ እንደ እንስራ ውኃውን ይዞ ይቀራል። ተራ ቦርሳ ቢያንስ ያንጠባጥባል። በታሸገው ውስጥ ግን መንገደኛው ማታ ሲከፍተው መኝታውን በኩሬ ውስጥ ያገኘዋል። ጠዋት እርጥብ ኾኖ የታጠፈ ድንኳን አብሮ ከገባም ደረቁን ሁሉ ያረጥበዋል፤ እንፋሎቱ መውጫ የለውምና።

ስለዚህ ለአብዛኛው ሰው የተሻለው ምርጫ አንድ ውድና ፍጹም የታሸገ ቦርሳ ሳይኾን ሁለት አፍ ነው። ከውጭ ጠንካራ፣ በትከሻ የሚመች፣ ውኃ የማይጠጣ ጨርቅ ያለው ቦርሳ፤ ከውስጥ ደግሞ ቀላልና አፉ ተጠቅልሎ የሚዘጋ የላስቲክ ወይም የናይለን ከረጢት። የውጩ እሾኹንና ድንጋዩን ይቀበላል፤ የውስጡ ድርቀትን ይጠብቃል። አንዱ ቢቀደድ ሌላው አለ። ሙሉ በሙሉ በሙቀት የተያያዘው ቦርሳ የሚመረጠው ጉዞው በአብዛኛው በውኃ ላይ ሲኾን ነው፤ ያን ጊዜም ቢኾን መኝታው፣ ልብሱና ስልኩ በየራሳቸው ከረጢት መግባት አለባቸው። እርጥቡ ጀልባና እርጥቡ ድንኳን ከቦርሳው ውጭ በማሰሪያ ይታሰራሉ፤ ለዚህ የሚኾኑ የጎን ማሰሪያዎች መኖራቸው በግዢ ጊዜ ይታያል።

በጀልባው ላይ ቦርሳው አብዛኛውን ጊዜ ከፊት በኩል ይታሰራል። ማሰሪያው ጠፍጣፋና የተወጠረ መኾን ይኖርበታል፤ የሚወዛወዝ ገመድ ጀልባው ሲገለበጥ እግር ይጠልፋል። በደንብ የተዘጋ ቦርሳ ይንሳፈፋል። 60 ሊትር የሚይዝና 20 ኪሎ የሚመዝን ቦርሳ ጨርሶ እንዲሰምጥ 60 ኪሎ ያህል ውኃ መግፋት አለበት፤ ይኽ ደግሞ ከክብደቱ ሦስት እጥፍ ነው። ይህንን አይቶ ቦርሳን እንደ ሕይወት አድን መሣሪያ የሚቆጥር ግን ተሳስቷል። በጀርባ የታዘለ የሚንሳፈፍ ቦርሳ የሰውን ፊት ወደ ውኃው ይደፋል። በጀልባ ላይ ቦርሳ አይታዘልም፤ ጥልቀት የሌለውን ጅረት በእግር በሚሻገሩበት ጊዜም የወገብና የደረት ዘለበቶች ተፈትተው፣ ማንገቻዎቹ ላልተው ነው። እግር ቢያዳልጥ ቦርሳው ሄዶ ሰውየው ይትረፍ። የደፈረሰና ድንጋይ የሚያንከባልል የክረምት ወንዝ ደግሞ በየትኛውም ቦርሳ አይሻገሩትም፤ እስኪጎድል ይጠበቃል።

በጣና ላይ

ከደንገል የሚሠራው ታንኳ ከፓክራፍት ጋር የሚጋራው አንድ ጠባይ አለ፤ ቀላልና ለውኃው ቅርብ ነው። ደንገሉ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከጉዞ በኋላ ወደ ዳር ወጥቶ ይደርቃል። በላዩ የተቀመጠ ጓዝ ከሥር ይርሳል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ደግሞ ሞገዱ ከጎን ይረጫል። እንጨት ለጫነ ሰው መጠነኛ እርጥበት ላያሳስበው ይችላል። ወረቀት፣ ዘር፣ ስኳርና ስልክ ለያዘው ግን ያሳስበዋል። በፓክራፍት ለመጓዝ የሚያስብ ሰውም ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ እንዳለ ማወቅና ያለ አካባቢው ቀዛፊዎች ምክር ወደ ውኃው አለመግባት ይኖርበታል። በዓባይ ሸለቆ ውስጥ ደግሞ አዞ አለ፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1968 በጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተመራው የእንግሊዝ ቡድን በሚነፉ ጀልባዎች ወንዙን ሲወርድ ከፏፏቴውም ከአዞውም ታግሏል።

በእጅ ባለው ነገር

ለተጓዥ የተሠራ ቦርሳ መግዛት የማይችል ሰው ባዶ እጁን አይደለም። ለተማሪና ለአርሶ አደር የሚበጀው ጠንካራ ተራ ቦርሳ ገዝቶ ውስጡን ማልበስ ነው። አዲስ የፒክስ የውስጥ ላስቲክ ለዚህ ጥሩ ነው፤ ወፍራም ነው፤ አፉም ለመጠምዘዝ በቂ ርዝመት አለው። ስስ ፌስታል በአንድ ቀን ይቀደዳል። የማዳበሪያ ከረጢት የውስጥ ላስቲክ፣ እንዲሁም ኬሚካል የተቀባ ዘር ወይም ጸረ ተባይ የነበረበት ማንኛውም መያዣ፣ ምንም ያህል ቢታጠብ ለምግብና ለልብስ አይውልም።

የይዞታ ደብተር፣ መታወቂያና የትምህርት ማስረጃ መጀመሪያ በላስቲክ ፎልደር፣ ከዚያ በውስጠኛው ከረጢት ይገባሉ፤ ከስንቅና ከውኃ ጠርሙስ ጋር በአንድ አይቀመጡም። ብዙ ወረቀት የሚበላሸው በዝናብ ሳይኾን ከውስጥ በፈሰሰ ጠርሙስ ነው። ውኃ ይችላል የሚባል ስልክ አይ ፒ ኤክስ 7 የሚል መለያ ካለው፣ መለያው የሚለው በአንድ ሜትር ጥልቀት ለ30 ደቂቃ በረጋ ውኃ ውስጥ ተፈትኗል ነው፤ ወራጅ ወንዝን አይጨምርም። አይ ፒ ኤክስ 4 ደግሞ ለፍንጣቂ ብቻ ነው።

ዘርን በሚመለከት ጥንቃቄው ይገለበጣል። አየር በማያስገባ ከረጢት የሚታሰር ዘር አስቀድሞ በደንብ የደረቀ መኾን አለበት፤ ለበቆሎ 13 በመቶ ገደማ እርጥበት ተገቢ ነው። ያልደረቀ ዘር ከውኃ እናድነው ተብሎ ሲታሸግ ከውስጥ በራሱ እርጥበት ይሻግታል፤ የመብቀል ኃይሉንም ያጣል።

መፈተሽ፣ መያዝ፣ መጠገን

ቦርሳ የሚፈተሸው በወንዝ ላይ ሳይኾን በቤት ነው። የመጀመሪያው ፍተሻ የጎሚስታ ነው። ባዶው ቦርሳ አየር እንደያዘ አፉ ይጠቀለልና ይዘጋል፤ ከዚያ እንደ ጎማ ካላማዳሪ በውኃ ገንዳ ውስጥ እየተነከረ ይጨመቃል። አረፋ የወጣበት ቦታ ውኃ የሚገባበት ነው። ገንዳ ከሌለ የሳሙና አረፋ ስፌቱን ተከትሎ ቢቀባ ይበቃል። ሁለተኛው ደረቅ ጋዜጣና ለክብደት የሚኾን ድንጋይ በጨርቅ ጠቅልሎ ማስገባት፣ ለሩብ ሰዓት መንከርና እያገላበጡ መጫን፣ ከዚያ ከፍቶ ጋዜጣውን መዳሰስ ነው። ጋዜጣ እርጥበትን አይደብቅም። አዲስ ቦርሳም ቢኾን ይፈተሻል፤ ፍተሻው በየዓመቱ ሰኔ ሳይገባ ቢደገም መልካም ነው።

ከጉዞ በኋላ ጭቃው በንጹሕ ውኃ ይታጠባል፤ ቦርሳው ተገልብጦ አፉ ክፍት እንደኾነ በጥላ ይደርቃል። ለቀናት በፀሐይ የተሰጣ ልባስ ይደርቅና ይሰነጠቃል። እርጥብ እንደኾነ የተጣጠፈም ይሻግታል፤ ልባሱም ከጨርቁ ይላቀቃል። በገጠር ቤት ውስጥ ግን ከፀሐይም ከሻጋታም የሚብስ ጠላት አለ፤ አይጥ። የቆሎ ወይም የዳቦ ፍርፋሪ የቀረበትን ቦርሳ አይጥ በአንድ ሌሊት ይበሳዋል። ባዶና ንጹሕ አድርጎ፣ ከምድጃ ራቅ አድርጎ፣ አፉን ከፍቶ መስቀል ነው።

ቀዳዳ ከተገኘ ጥገናው በልባሱ ዓይነት ይወሰናል። የጎሚስታ ማጣበቂያ ለጎማ እንጂ ለቲፒዩ አስተማማኝ አይደለም፤ ለፒቪሲ የተሠራው ሁሉ ለቲፒዩ ይኾናል ማለትም አይደለም። ለእያንዳንዱ የሚስማማ ማጣበቂያና ከዚያው ዓይነት ጨርቅ የተቆረጠ ቁራጭ ያስፈልጋል። ቦታው በአልኮል ይጸዳል፤ ቁራጩ ማዕዘኖቹ ክብ ኾነው ይቆረጣል፤ ማዕዘን ያለው ቁራጭ ከጫፉ ይላጣልና። በመንገድ ላይ ለጊዜው የሚያገለግል ጠንካራ ፕላስተር በመቅዘፊያው ዘንግ ላይ ጠምጥመው የሚይዙ ተጓዦች አሉ፤ ቦታ አይወስድም፤ ቦርሳው ቢጠፋም ይገኛል። የተለጠፈው ቁራጭ ክብደት ተጭኖበት ለ24 ሰዓት ይቆያል፤ ከዚያ ቦርሳው እንደገና በአየር ተሞልቶ ወደ ገንዳው ይመለሳል።